ኤግዚቢሽኑ መቼ ነው?

ካሜራ ይዤ መዞር ከጀመርኩ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው። በእነዚህ ዓመታት ሰዎች አብዝተው የጠየቁኝ «ምን ታነሳለህ?» ብለው አይደለም፤ «ለምን ታነሳለህ?» ብለውም አይደለም። «ኤግዚቢሽኑ መቼ ነው?» ብለው ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ይጠይቁኛል። እህቴ ትጠይቀኛለች። ፀጉሬን የሚቆርጠኝ ልጅ ሳይቀር ማሽኑን አጥፍቶ ይጠይቀኛል። ሁሉም በቅንነት ነው። እኔም መልስ ስለሌለኝ «እየተሠራ ነው» እላለሁ። እንጀራዬ ኮድ መጻፍ ስለሆነ ይህቺን መልስ ጠንቅቄ አውቃታለሁ። ቢሮ ውስጥ ማንም ያልነካው ሥራ ሁሉ «እየተሠራ ነው» ነው የሚባለው።

እውነቱ ይሄ ነው። አንድ ሃርድ ዲስክ አለኝ፤ ውስጡ ወደ 11,400 ፎቶ አለ። አብዛኛው ያደግኩበት ሰፈር፣ ካዛንቺስ ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈሩ ሲፈርስ ከሥራ በፊትም ከሥራ በኋላም እየሄድኩ አነሳ ነበር። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ወረቀት ላይ የወጣ፣ ወላጆቻችን እንደሚሉት «የታጠበ»፣ አንድም አልነበረም። የኤግዚቢሽን ጥያቄ ሲመጣ የሚያሳፍረኝ የምሰቅልበት ግድግዳ ማጣቴ አልነበረም። ምን እንዳነሳሁ ራሴም አለማወቄ ነው።

ይሄ የገባኝ ስለ አንድ የአሜሪካ ተቋም ሳነብ ነው። ላይት ወርክ ይባላል። ኒውዮርክ ስቴት ውስጥ፣ ሲራኪዩስ በምትባል ከተማ፣ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለ ለትርፍ ያልተቋቋመ የፎቶግራፍ ማዕከል ነው። ሄጄ አላየሁትም። የማውቀው በመጽሔቱ፣ በመመሪያዎቹና እዚያ ባለፉ ሰዎች ሥራ ነው። ግን አንድን ሶፍትዌር ለመገምገም የሠራው ድርጅት ቢሮ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ምን እንደሚያስገባና ምን እንደሚያወጣ ማየት ብዙ ይናገራል። ላይት ወርክንም ያነበብኩት እንደዚያ ነው።

*

ተቋሙ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1973 ሲሆን መሥራቾቹ ፊል ብሎክና ቶም ብራያን ናቸው። ጅማሬው ውስጥ ትልቁን ቦታ የያዘው ዳርክ ሩም ነበር፤ ተማሪውም የከተማው ነዋሪም ፊልሙን ይዞ ገብቶ የሚያጥብበት የጋራ ጨለማ ክፍል። ይህንን እንደ ተራ ታሪክ አልፌው ነበር፤ ቆይቼ ነው የተመለስኩበት። ብዙ የባህል ተቋም መጀመሪያ ግድግዳ ይሠራል፣ ከዚያ የሚሰቀል ነገር ይፈልጋል። እነዚህ ሰዎች መጀመሪያ ያመጡት ውሃ፣ ኬሚካልና ቀይ አምፖል ነው።

በ1976 ደግሞ አርቲስቶችን በእንግድነት ማስቀመጥ ጀመሩ፤ በእነሱ ቋንቋ ሬዚደንሲ። «እንግድነት» ብንለው ደስ ይለኛል፤ እኛ እንግዳ ሲመጣ «ምን ይዘህ መጣህ?» አንልም። እስከ ዛሬ ከ400 በላይ አርቲስቶች አልፈውበታል። አሠራሩ ቀላል ነው። በየዓመቱ ከ12 እስከ 14 የሚሆኑ አርቲስቶች ይጋበዛሉ። እያንዳንዱ አንድ ወር ይቀመጣል። ማደሪያ አፓርትመንት ይሰጠዋል፤ 5,000 ዶላር ይሰጠዋል፤ ላቦራቶሪው ቀንም ሌሊትም ክፍት ነው። ንግግር የማድረግ ወይም የማስተማር ግዴታ የለበትም። በወሩ መጨረሻ ኤግዚቢሽን ማሳየትም አይጠበቅበትም።

እዚህ ጋ የኢንጂነርነቴ ነገር ተነሳብኝ። እንዴ፣ ታዲያ ምንድን ነው የሚያስረክበው? እኔ የምሠራበት ዓለም ውስጥ ሁለት ሳምንት ቆጥረው ነው የሚሰጡህ። ሰኞ ቲኬት ትወስዳለህ፣ በሚቀጥለው ሳምንት አርብ ታሳያለህ። ገንዘብ ሰጥቶ «የፈለግከውን ሥራ» የሚል ክላየንት ገጥሞኝ አያውቅም፤ ቢገጥመኝም ማጭበርበሪያ ነው ብዬ እሸሻለሁ።

መልሱን ያገኘሁት በመጽሔታቸው ውስጥ ነው። «ኮንታክት ሺት» ይባላል፤ ማስታወቂያ የሌለው ህትመት ነው። በየዓመቱ አንዱ እትም ባለፈው ዓመት ለነበሩት እንግዶች በሙሉ ይሰጣል፤ ስለ እያንዳንዳቸው ሥራም ጽሑፍ ያስጽፋሉ። አርቲስቱ ጥቂት ህትመቶች ለተቋሙ ስብስብ ይተዋል። በቃ፣ የሚፈለግበት ይሄ ነው። ዛሬ ያ ስብስብ በሺዎች የሚቆጠሩ ፎቶዎች አሉት።

የመጽሔቱን ስም ልብ በሉ። በፊልም ዘመን ኮንታክት ሺት ማለት ኔጋቲቮቹን ተቆራርጠው በቀጥታ ወረቀቱ ላይ በመደርደር የሚታተም አንድ ገጽ ነው። ሠላሳ ስድስቱም ምስል በአንዴ ይታያል፤ የደበዘዘው፣ ዓይኑን የጨፈነው፣ ሳይታሰብ እግር የተነሳበት፣ ሁሉም። ፎቶ አንሺው በማጉያ መነጽር እየቃኘ አንዷን ያከብባል። ይሄ ተቋም መጽሔቱን በዚያች በተከበበችው ፎቶ አልሰየመም፤ በገጹ ሰየመው። ላይት ወርክ የሚደግፈው ያንን ገጽ ይመስለኛል። ኤግዚቢሽን የሚደግፈው የተከበበችውን ነው።

*

ወሬ ብቻ እንዳይሆን አንድ ሰው እንይ። ዳውድ ቤይ ዛሬ ከአሜሪካ ትልልቅ ፎቶግራፈሮች አንዱ ነው፤ በ2017 የማክአርተር ሽልማትን አግኝቷል። ላይት ወርክ የመጣው በ1985 ነው፤ ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ። ከዚያ በፊት በሃርለም ጎዳናዎች ባነሳቸው ፎቶዎች ይታወቅ ነበር። ሲራኪዩስ ሲደርስ ትንሽ ካሜራ ይዞ የከተማውን ጥቁር ነዋሪዎች ማንሳት ጀመረ። ከቤተክርስቲያን የወጡ ወጣቶች አሉ፣ መንገድ ላይ የቆሙ ሰዎች አሉ። ጥላው ከባድ ነው፤ ብርሃኑ በአስፋልቱ ላይ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ይወድቃል። ሰዎቹ በጥላው መካከል ሲታዩ ፎቶ አንሺው ከሰላምታ ርቀት ትንሽ ወጣ ብሎ የቆመ ይመስላል።

ፎቶዎቹን እወዳቸዋለሁ፤ ግን ያ ርቀት ይሰማኛል። ብርሃኑን አንዳንዴ ከሰዎቹ አስበልጦ ያየ ይመስለኛል። ከዚያ በ1988 የሆነውን ተመልከቱ። ቤይ ትንሿን ካሜራ አስቀምጦ ትልቅ ካሜራ በትሪፖድ ላይ አቆመ። የተጠቀመበት የፖላሮይድ ፊልም ወዲያው ሁለት ነገር ይሰጣል፤ አንድ ህትመትና አንድ ኔጋቲቭ። ኔጋቲቩን ለራሱ አስቀርቶ ህትመቱን እዚያው ለቆመለት ሰው ይሰጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያሉት የብሩክሊን ፎቶዎች ላይ ሰዎቹ ቀጥ ብለው ያዩሃል። ጊዜ ወስደው፣ ፈቅደው ነው የቆሙት።

የሲራኪዩሷ ወር ናት ይህንን ያመጣችው አልልም፤ በመሀል ሦስት ዓመት አለ። የምለው ሌላ ነው። የማታውቀው ከተማ ውስጥ አንድ ወር ሙሉ ከራስህ አነሳስ ጋር ብቻህን ስትቀመጥ፣ የጎደለውን ነገር ማየት የማይቀር ይመስለኛል። መጨረሻው ላይ ኤግዚቢሽን ቢኖር ኖሮ ቤይ የሚያውቀውን ጎበዝ ጎበዙን ደርድሮ፣ ተጨብጭቦለት ይሄድ ነበር። ዴድላይን የምታውቀውን ነገር አስደግሞ ያሠራሃል። ይህንን ከኮድ አውቀዋለሁ፤ ለነገ የሚደርስ ሥራ ሲኖረኝ ካለፈው ፕሮጀክት ቀድቼ ነው የምለጥፈው።

*

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ፤ ሙገሳ ብቻ ከሆነ ብሮሹር ነው።

አንደኛ፣ ላይት ወርክም ሆነ ስለ እሱ የሚጽፉ ሰዎች ሲናገሩ ስሞች ይደረድራሉ። ሲንዲ ሸርማን ነበረች፣ ኬሪ ሜ ዊምስ ነበረች፣ ዳውድ ቤይ ነበረ። እኔም አሁን ያንኑ አደረግኩ። ስታቲስቲክስ የተማረ ሰው ይህንን ወጥመድ ያውቀዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አብርሃም ዋልድ የሚባል የሂሳብ ሰው ስለ አውሮፕላኖች ጥይት ምልክት ተጠይቆ፣ የምታዩት የተመለሱትን ብቻ ነው የሚል መልስ ሰጥቷል። ታዋቂ የሆኑትን ብቻ ቆጥሮ ተቋሙ ይሠራል ማለት ያው ነው። የሚያሳምነኝ ዓመታዊው እትም ውስጥ ከታዋቂዎቹ ጎን ስማቸውን ሰምቼ የማላውቀው ሰዎች እኩል ገጽ ማግኘታቸው ነው። ተቋሙ በዚያ ቢኮራ ይሻለዋል።

ሁለተኛ፣ በሩ ላይ የሚጠየቀው ፖርትፎሊዮ ነው። ፖርትፎሊዮ ያለው ማን ነው? ከዚያ በፊት ጊዜ ያገኘ ሰው። ጊዜ ለመስጠት የተቋቋመ ቤት ጊዜ የነበረውን ሰው መምረጡ አይቀርም። ከአዲስ አበባ ለሚያመለክት ደግሞ ከፖርትፎሊዮው ቀጥሎ ቪዛ አለ፤ እሱን ማብራራት አያስፈልገኝም።

ሦስተኛ፣ ከተማዋ። ሲራኪዩስ በአሜሪካ የሕፃናት ድህነት ከከፋባቸው ከተሞች አንዷ ናት። በየወሩ አንድ እንግዳ መጥቶ፣ ሠርቶ፣ ይሄዳል፤ ለነዋሪው ምን ይቀርለታል? ይህንን በመጠኑ ያሰቡበት ይመስላል። ላቦራቶሪው እስከ ዛሬ ለነዋሪው በአባልነት ክፍት ነው። ኤቨርሰን የተባለው ሙዚየም የውጭ ግድግዳ ላይ ደግሞ ማታ ማታ የቪዲዮ ሥራዎች ያሳያሉ፤ መንገደኛው ትኬት ሳይቆርጥ ያያል። ግን ፎቶው ሲነሳ መቆምና ግድግዳ ላይ የሌላ ሰው ሥራ ማየት አንድ አይደሉም። የቆመው ሰው የራሱን ፎቶ እጁ ላይ ያገኛል ወይ? ቤይ በ1988 የመለሰው ይህንን ጥያቄ ነው፤ ተቋሙ በመመሪያው ውስጥ አላስገባውም።

*

ወደ ቤታችን እንምጣ። «እኛ አገር ምንም የለም» የሚለውን ዘፈን አልዘፍንም፤ ውሸት ስለሆነ። አይዳ ሙሉነህ በ2010 (እ.ኤ.አ.) አዲስ ፎቶ ፌስትን ጀምራ የዓለም ፎቶግራፈሮችን ሥራ አዲስ አበባ ድረስ አምጥታለች። በሁለት ዓመት አንዴ የሚካሄድ ነበር። እኔም ብዙ ጓደኞቼም በትልቁ የታተመ ፎቶ ፊት ለፊት ለመጀመሪያ ጊዜ የቆምነው በእንደዚህ ዓይነት መድረክ ነው። ግን ፌስቲቫል የቀናት ነገር ነው። በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ያለው ሁለት ዓመት የማን ነው?

የማውቃቸው ፎቶ አንሺዎች ያንን ጊዜ የሚያሳልፉት ሰርግ ላይ ነው፤ ወይም ለኤንጂኦ እየሠሩ። ሰርግ ላይ ምን እንደሚነሳ ሁላችንም እናውቃለን። የኤንጂኦ ሥራ ደግሞ ከመነሳቱ በፊት ያለቀ ነው፤ ወረቀቱ ላይ «ተጠቃሚ እናት፣ ፈገግታ፣ ከውሃ ቧንቧ አጠገብ» ይላል። ሁለቱም ሥራ ክቡር ነው፤ ልጅ ያሳድጋል። ግን ሁለቱም ጋ መልሱ ከጥያቄው ይቀድማል።

ጊዜ ያገኘ ዓይን ምን እንደሚያይ ለማወቅ የሚካኤል ፀጋዬን ሥራ ማየት ይበቃል። ሚካኤል የተማረው ሥዕል ነው፤ የዘይት ቀለም አለርጂ ሆኖበት ወደ ፎቶግራፍ ዞረ። ከሥራዎቹ መካከል የአዲስ አበባ መቃብሮች ላይ የተለጠፉ የሟቾችን ፎቶ ያነሳበት አለ። ጉርድ ፎቶዎች ናቸው፤ ዝናብና ፀሐይ በልቷቸው ፊቱ ግማሽ የቀረ፣ ዓይን ብቻ የቀረ። ማንም «ይህንን አንሳልን» ብሎ የሚያዝዘው ሥራ አይደለም። እዚያ ቦታ ደጋግሞ የተመላለሰ፣ ያልቸኮለ ሰው ሥራ ይመስላል። እነዚያን ፎቶዎች ባየሁ ቁጥር የማስበው ስለ ሃርድ ዲስኬ ነው። ሃርድ ዲስክም ይሞታል። ሲሞት ደግሞ ግማሽ ፊት እንኳን አያስቀርም።

*

ስለዚህ አንድ ነገር ሞከርኩ። የዓመት ፈቃዴን አሥራ አምስት የሥራ ቀን በአንዴ ወሰድኩ። አንድ ወዳጄ ፎቶ ቤት አለው፤ ጉርድ ፎቶ ያነሳል፣ የልደት ባነር ያትማል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ሲዘጋ ቁልፉን ይሰጠኛል፣ ወረቀትና ቀለም በራሴ። ሁለት ሕግ አወጣን። በየምሽቱ አንድ ፎቶ ብቻ ይታተማል። ስለ ኤግዚቢሽን የሚያነሳ ሰው ቡና ይጋብዛል።

የመጀመሪያዎቹ ምሽቶች አሳፋሪ ነበሩ። ግድግዳው ላይ አራት ፎቶ ተሰቀለ፤ አራቱም ኤክስካቫተር ነው። አላመንኩም። ቤት ገብቼ ፎቶዎቹን የምትለይ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ። ማሽን ወይም የፈረሰ ግድግዳ የሚታይባቸው ከግማሽ በላይ ወጡ። ፊቱ የሚለይ ሰው ያለባቸው ከመቶ አሥር አይሞሉም፤ ከእነሱም አብዛኛው ከጀርባ ወይም ከሩቅ ነው። «ሰፈሬን እየሰነድኩ ነው» ስል የኖርኩት ሰውዬ የሰነድኩት ማሽኑን ነው። ማሽኑ ያምራላ! ቢጫ ነው፣ አቧራው ውስጥ ብርሃን ይገባል። ቤይን «ብርሃኑን አስበልጧል» ብዬ የተቸሁት እኔ።

በዘጠነኛው ምሽት አንዷን አገኘኋት። በራችን አጠገብ ጀበና ቡና የሚያፈሉ እናት ነበሩ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃቸው። ረከቦቱ ፊት ተቀምጠው ያዩኛል። ፈገግ አላሉም። ጥግ ላይ ትንሽ ደብዝዟል፣ አንግሉም ጥሩ አይደለም። ኢንስታግራም ላይ አልለጥፋትም ነበር። ያቺን ምሽት ሦስት ጊዜ አሳትሜ ሦስተኛዋ ስትወጣ ወዳጄ «ይቺ ናት» አለኝ። ስለ ሌሎቹ ምንም ብሎ አያውቅም ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ይዤላቸው ገላን ጉራ ሄድኩ፤ አሁን የሚኖሩት እዚያ ነው። ፎቶውን ተቀብለው ራቅ አደረጉት፣ ከዚያ አቀረቡት። የራሳቸውን ፊት ብዙም አላዩትም። ከኋላቸው ያለውን በር ነው የሚያዩት።

«ይሄ እኮ የጎረቤቴ በር ነው» አሉ። «ሰማያዊው።»

«አዎ እማማ።»

«ስንት ነው?»

ዋጋውን ነው የጠየቁኝ። ፎቶ ሲታጠብ ይከፈላል፤ እሳቸው የሚያውቁት እንደዚያ ነው። ምንም እንደማልፈልግ ነገርኳቸው። አልተዋጠላቸውም። ትንሽ ዝም ብለው፣ «እንግዲያው ለእሷም አንድ አሳጥብልኝ፤ በሯን ትየው» አሉኝ። ጎረቤታቸው የደረሳት ሌላ ቦታ ነው፤ ከፈረሰ ወዲህ አልተያዩም።

ላይት ወርክን የመሰለ ተቋም ቢኖረን እወዳለሁ፤ ሕንፃውን ግን አልመኝም። የምመኘው ማታ ቁልፉን የሚሰጥ ፎቶ ቤት፣ መጨረሻው ላይ ምንም የማይጠየቅበት ወር፣ የታተመው የሚቀመጥበት ደረቅ ሳጥንና ስለ ሥራው አንድ ገጽ የሚጽፍ ሰው ነው። አራቱም ከተማችን ውስጥ አሉ፤ አንድ ላይ አልተቀመጡም እንጂ። የሲራኪዩሶቹ መመሪያ ላይ ደግሞ አንድ መስመር እጨምርበታለሁ፤ ሁለተኛው ቅጂ ፎቶው ላይ ላለው ሰው ይሰጥ።

የጎረቤቲቱን ቅጂ ሐሙስ ማታ አሳጠብኩ። ስልካቸውን ያገኘሁት ትናንት ነው። እሑድ እሄዳለሁ።